የቅሬታ ደብዳቤ፦ ከእርግዝና በፊት ሊሰጠኝ ይገባ ስለነበረው ምክርና ክብካቤ

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ለሕክምና ክፍሉ ኃላፊ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የቅድመ እርግዝና ምክርና ምርመራ ባለመሰጠቱ የቀረበ ቅሬታ

እኔ አመልካች የጎንደር ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ባለብኝ የሚጥል በሽታ ምክንያት ለዓመታት በክሊኒካችሁ ክትትል ሳደርግ የቆየሁ ታካሚ ነኝ። ቅሬታዬ ስለ ወረፋ፣ ስለ ክፍያ ወይም ስለ ሠራተኞቻችሁ ጠባይ አይደለም፤ በዚህ ረገድ የጎደለብኝ ነገር የለም። ቅሬታዬ፣ ላገባና ልጅ ልወልድ እንዳሰብኩ በግልጽ ተናግሬ ሳለ፣ በክሊኒካችሁ የሚታዘዝልኝ ቫልፕሮዌት የተባለው መድኃኒት በፅንስ ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ሳይነገረኝ መቅረቱና ከእርግዝና በፊት ሊደረግልኝ ይገባ የነበረው ሁሉ «ፅንስ ሲይዝ ትመጫለሽ» በሚል አንድ ቃል መታለፉ ነው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር ከመጋባታችን በፊት፣ ለቤተ ክርስቲያን የምናቀርበውን የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ለመውሰድ ከእጮኛዬ ጋር ወደ ክሊኒካችሁ መጣን። ደም ሰጥተን ውጤታችንን ከተቀበልን በኋላ፣ መድኃኒቴን የሚያዝልኝ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ገብቼ ከሠርጉ በኋላ ልጅ ለመውለድ መዘግየት እንደማንፈልግና አስቀድሜ ማድረግ የሚገባኝ ነገር ካለ ማወቅ እንደምፈልግ ነገርኩት። ሐኪሙ በትሕትና እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ መርቆን፣ ሲያረግዙ የቅድመ ወሊድ ክትትል እንደሚጀመር ነግሮን የተለመደውን ማዘዣ ጽፎ ሰጠኝ። ከሠርጉ በኋላ ለክትትል ስመለስ ደግሞ ነርሷ በካርዴ ላይ «ያላገባች» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዛ «ያገባች» ብላ አስተካከለች፤ ከዚያው ገጽ ሥር ያው መድኃኒት በዚያው መጠን ተጻፈ። የጋብቻ ሁኔታዬ መለወጡ በካርዱ ላይ ሲመዘገብ፣ ይህ ለውጥ ለሕክምናዬ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጥያቄውን የጠየቀችኝ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ባለሙያ ናት። ማዘዣውን አይታ «እኅቴ፣ ባለትዳር ነሽ? የመውለድ ሐሳብ አላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝና፣ መድኃኒቱን በራሴ ሥልጣን እንዳላቋርጥ፣ ነገር ግን ሳልውል ሳላድር የነርቭ ስፔሻሊስት እንዳይ አጥብቃ መከረችኝ። ይህን ምክር ከመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ በአጋጣሚ ማግኘቴ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። እሷ ባትጠይቀኝ ኖሮ በዚያው መድኃኒት ላይ ሳለሁ አርግዤ ይሆን ነበር።

የመድኃኒቱ አደጋ በሕክምናው ዓለም የተሰወረ አይደለም። ቫልፕሮዌት እየወሰዱ ካረገዙ ሴቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት መካከል 10 ያህሉ ከአካል ጉድለት ጋር እንደሚወለዱ፣ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ ዕድገትና በትምህርት አቀባበል ላይ ችግር ሊገጥማቸው እንደሚችል ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ሊወልዱ በሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ላይ እንዳይጀመር አሳስቧል። በሌላ በኩል መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ የበሽታውን መነሣት ሊያባብስ፣ ለሕይወትም ሊያሰጋ ስለሚችል፣ ለውጡ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ፣ እርግዝናውም እስከዚያ በቤተሰብ ምጣኔ ዘግይቶ መከናወን አለበት። ይህ ጊዜ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ማግኘት የሚቻለውም ከእርግዝና በፊት ብቻ ነው። እኔም አሁን በስፔሻሊስት ክትትል መድኃኒት በመቀየር ላይ ነኝ። ገና ስንተጫጭ ተነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከሠርጉ በፊት ያልቅ ነበር፤ አማቴም በየሳምንቱ «ምነው ወሬ የለም?» ሲሉኝ አንገቴን ባልደፋሁ ነበር።

ፎሊክ አሲድ የተባለው የቫይታሚን ኪኒን ጉዳይም እንዲሁ ነው። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ተዘግቶ የሚያበቃው ፅንስ በተፈጠረ በ28 ቀን ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ እናትየዋ የወር አበባዋ ከቀረባት ሁለት ሳምንት ቢሆናት ነው፤ ብዙዎቻችን ያኔ «ዘገየብኝ» እንላለን እንጂ አረገዝኩ አንልም። ቱቦው ሳይዘጋ ሲቀር ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ሊወለድ፣ ከባድ ሲሆንም በሕይወት ላይኖር ይችላል። በ1991 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ በ7 አገሮች በተካሄደ ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ፅንስ በገጠማቸው እናቶች ላይ ከእርግዝና በፊት ተጀምሮ የተወሰደ ፎሊክ አሲድ የችግሩን መደገም በ72 በመቶ ቀንሷል። ለማንኛዋም ልጅ ለምታስብ ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም የሚመከር ሲሆን፣ እንደ እኔ ላለች ታካሚ ደግሞ ሐኪሙ ከፍ ያለ መጠን ያዝዛል። በአገራችን ግን፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የቅድመ ወሊድ ክትትል የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «ፅንስ ሲይዝ ትመጫለሽ» የተባለች ሴት ስትመጣ ኪኒኑ ሊከላከል የሚችለው ጉዳት ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምጽፈው ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ ከሚቀመጡት መካከል የስኳር ሕመምተኞች፣ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱና የልብ ሕመም ያለባቸው ወጣት ሴቶች አሉ። የስኳር መጠኗ ሳይስተካከል የምታረግዝ ሴት የፅንስ ጉድለት ሥጋቷ ከፍ ይላል፤ ኢናላፕሪልም በእርግዝና ጊዜ የማይወሰድ መድኃኒት ነው። እነዚህ ሴቶች በየወሩ ካርዳቸው በእጃችሁ ያልፋል። በግድግዳችሁ ላይ ነፍሰ ጡሮች ክትትል እንዲጀምሩ የሚያሳስብ ፖስተር አይቻለሁ፤ ገና ላላረገዘችው የተጻፈ ግን አንድም አላየሁም።

በተለይ የሚቆጨኝ የጋብቻ ምርመራው ጊዜ ነው። በጥርና በሚያዝያ ተጋቢዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በራሳቸው እግር ይመጣሉ፤ ባልየውን ከሚስቱ ጋር አንድ ላይ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ያን ዕለት ከኤችአይቪው ጋር የቂጥኝ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የደም ማነስ ምርመራ ማድረግ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት መጠየቅ፣ ስለ ሲጋራና ስለ መጠጥ ሁለቱንም ማነጋገር፣ ፎሊክ አሲድ ማዘዝ ይቻል ነበር። እኛን ግን ወረቀት አስይዛችሁ ሸኛችሁን።

ስለሆነም ክሊኒኩ፣ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ሁሉ፣ በተለይም ሥር የሰደደ ሕመም ላለባት፣ በሚቀጥለው ዓመት የመውለድ ሐሳብ እንዳላት በየክትትሉ እንዲጠይቅና መልሷን በካርዷ ላይ እንዲመዘግብ፣ ልጅ አሁን ለማትፈልገዋም የቤተሰብ ምጣኔ ምክር እንዲሰጣት እጠይቃለሁ። ቫልፕሮዌት የሚወስዱ ሴቶች ካርድ ተለይቶ ወጥቶ እያንዳንዳቸው ሳይደናገጡ ተጠርተው ወደ ስፔሻሊስት እንዲላኩ ማድረግ ግን ከሁሉ የሚቀድምና ቀጠሮ የማይሰጠው ጉዳይ ነው፤ ከእኔ በኋላ ስንቶቹ ያንኑ ማዘዣ ይዘው እንደወጡ ከናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። በእኔ ካርድ ላይም ምክሩ ያልተሰጠበት ምክንያት ተጣርቶ እንዲነገረኝ እፈልጋለሁ። ሐኪሙ እንዲቀጣ አልጠይቅም፤ ታካሚ በበዛበት ቀን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ደቂቃ ጥቂት መሆኑን አይቻለሁ፤ ጥያቄው በካርዱ ላይ ታትሞ ቢሆን ኖሮ እሱም ባልዘለለው ነበር።

የክሊኒኩን መልስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። አጥጋቢ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለሚመለከተው የጤና ቢሮ እንደማቀርብ ከወዲሁ አሳውቃለሁ። የካርዴና የማዘዣዎቼ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች፣ የክሊኒኩ ታካሚ
ጎንደር