ማታ አትንዳ

ማሙሽ፣

ቅዳሜ ሚኒያፖሊስ እንደነበርክ የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። ማሪዩቺ ስታዲየም ገብተህ የበረዶ ሆኪህን አይተህ፣ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ላይ ሆነህ፣ ዝር ሳትል በሌሊት ወደ ግራንድ ፎርክስ፣ ኖርዝ ዳኮታ ነዳችሁ አሉ። በዚያ በረዶ! ዶሮ ወጥ ነበረኮ። እሱስ ይቅር። ማታ አትንዳ።

የኖርዝ ዳኮታን አረንጓዴ ሹራብ ስለለበስክ አፍረህ ነው? እኔ የስታዲየሙን ፓርኪንግ ስንት ክረምት እንደሠራሁበት ታውቃለህ። የኖርዝ ዳኮታ ሰው ሲመጣ ከመኪናው በፊት ባንዲራው ይታያል። የመጨረሻው፣ ሦስተኛው ሃያ ደቂቃ ሳያልቅ መኪና መውጣት ከጀመረ፣ የእኛው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጎፈርስ እየተሸነፈ ነው። ውጤት ጠይቄ አላውቅም። የእኛዎቹ ሲሸነፉ ካርዳቸውን ይወረውሩብኛል። የእናንተዎቹ ግን ዝም ብለው ይከፍላሉ። የአምስት ሰዓት መንገድ ፊታቸው ላይ ይታያል።

ድሮ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ኮንፈረንስ፣ ማለትም አንድ ሊግ ውስጥ ነበሩ። በፈረንጆች 2013 ሚኒሶታ ቢግ ቴን ወደሚባለው ሊግ ሄደ፣ የእናንተው ወደ ሌላ። "ተፋቱ" ብዬ ስቄ ነበር። ጠባቸው ግን መች በረደ? ዓመት ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 2014፣ ፊላደልፊያ ላይ በአገር አቀፉ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ሚኒሶታ 2 ለ 1 አሸነፈ። ጎሏ የገባችው ሊያልቅ 0.6 ሰከንድ ሲቀረው ነው። ስምንት ዓመትህ ነበር። ጎረቤት ቤት ጨዋታውን አይተህ መጣህና ኩሽና ውስጥ በካልሲ እየተንሸራተትክ አሳየኸኝ። "እማ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ግዢልኝ።" "ጥርስህን ልታስወልቅ? ቁጭ ብለህ ተማር!" አልኩህ።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። በሚቀጥለው ክረምት ከሥራ ስመለስ ፓርኩ ጋ አየሁህ። የተዋስከው ጫማ ሰፍቶህ ቁርጭምጭሚትህ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዱላ እንኳን የለህም፤ በመጥረጊያ እንጨት ነው የምትመታው። ሁለት ጊዜ ወደቅህ። ሞተር ሳላጠፋ በአጥሩ በኩል አየሁህና ሄድኩ። ማታ "ሱሪህን ምን አረጠበው?" ስልህ "ወደቅሁ" አልክ። ገንዘቡ ነበረኝ፣ ማሙሽ። ለአጎትህ ሠርግ ልኬ እንኳን ተርፎኝ ነበር። ፈርቼ ነው። ሌሎቹ እናቶች አጥሩ ሥር ቡና ይዘው ቆመው ነበር። ከእነሱ ጋር ቆሜ ምን እላለሁ ብዬ ነው የፈራሁት።

ይሄ ግን ማታ ለመንዳት ፈቃድ አይደለም። ከፋርጎ ወደ ላይ ያለው 29 ቁጥር መንገድ ሜዳ ነው፣ ነፋስ የሚይዝ ነገር የለውም። ሰማዩ ጠርቶ እንኳን፣ ነፋሱ የተኛውን በረዶ ካነሳው የመኪናህ አፍንጫ አይታይህም። ቤንዚን ከግማሽ በታች አይውረድ። ብርድ ልብስና አካፋ ከኋላ ይኑር። በረዶ ውስጥ ከተቀረቀራችሁ መኪናውን ጥለህ በእግርህ እንዳትሄድ። ሞተር ከማስነሳትህ በፊት የጭስ ማውጫውን በረዶ ጥረግ፣ አለዚያ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይገድላል።

ጓደኞችህ አምስትም ይሁኑ አሥር ሳሎን ይተኛሉ። ሹራቡን ብቻ በር ላይ አውልቅ፣ አባትህን ታውቀዋለህ። ጠዋት ቁርስ በልታችሁ ትሄዳላችሁ። ቁልፉ እዚያው ነው። ማታ አትንዳ አልኩህ!

በርበሬና ቆሎ ልኬልሃለሁ። ደግሞ አሁን ጫማ ስንት ቁጥር ነው የምታደርገው? ጻፍልኝ።

እናትህ