መብራቷ አላረፈችም፦ የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

አምና በዚህ መጽሔት የክበባችን ዘገባ ስድስት መስመር ብቻ ነበር። ዘንድሮ ሰፋ አድርጌ እንድጽፍ ያደፋፈረኝ በአስተዳደር ቢሮው ጥግ፣ ከፋይል መደርደሪያው ሥር የተቀመጠው ግራጫ ሳጥን ነው። ብዙዎቻችሁ በአጠገቡ ስታልፉ «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» ትላላችሁ። ፕሮክሲ ሰርቨር ነው። አንዱ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ያወረደውን ፋይል ቅጂውን ያስቀራል፤ ሌላው ያንኑ ሲፈልግ ከራሱ ያቀብለዋል። የቢሮውና የኮምፒውተር ላቡ ማሽኖች አንዱን አፕዴት በየፊናቸው እያወረዱ መስመሩን ሲያንቁት ያየ ሰው ጥቅሙ አይጠፋውም።

ስብሰባዎቻችንን አልዘረዝርም። በየሳምንቱ ተገናኝተናል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል። ሶፍትዌሩ ስኩዊድ ስለሆነና በነፃ ስለሚገኝ ክርክሩ በሙሉ ስለ ዕቃው ነበር፦ ዕቃ ግምጃ ቤት ከተከመሩት አሮጌ ኮምፒውተሮች የትኛውን እናንሣ? ከአሥራ አራቱ አባላት አሥራ ሦስቱ «ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ፈጣን የሆነውን» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ።

ሐሳባችንን ያስቀየረን በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ማብቂያ ላይ ያደረግነው ጉብኝት ነው። እንዲህ ያለ ሰርቨር ለዓመታት ያሠራ አንድ መሥሪያ ቤት በሩን ከፈተልን። ባለሙያው ንግግር አላበዛም። ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ማሽኑ ፊት አቆመንና «እዚህ ውስጥ የደከመው ማን እንደሆነ ንገሩኝ» አለን። ልጆቹ ስክሪኑ ላይ ተረባረቡ። የፕሮሰሰሩ ቁጥር ዝቅ ብሏል፤ ሥራ ፈት ማለት ይቻላል። ግራ ገባቸው። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ብቻ አጎንብሳ የሳጥኑን ፊት ታያለች። «ቲቸር፣ ይቺ መብራት አላረፈችም» አለችኝ። ፋይሎቹ የሚቀመጡበት የሃርድ ዲስኩ መብራት ነበረች።

ባለሙያው ሳቀና ወንበሩን ለቀቀላት። ነገሩ ይህ ነው፦ ፕሮክሲ ሰርቨር አንድ ትልቅ ፋይል አይደለም የሚያነበው፤ እዚህም እዚያም የተበተኑ እልፍ ትናንሽ ፋይሎችን ነው የሚለቅመው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ የሚፈለገው ቦታ ተሽከርክሮ እስኪደርስለት በአማካይ ከ4 ሚሊሰከንድ በላይ ይጠብቃል፤ የማንበቢያው ክንድ የሚጓዝበት ጊዜ ሲጨመር በሰከንድ ከመቶ ንባብ እምብዛም አያልፍም። ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያቺው ልጅ ሳልጠራት ወደ ሰሌዳው ወጣች። የስኩዊድ ሰነድ በ64 ቢት ማሽን ለእያንዳንዱ 1 ጊጋባይት የዲስክ ካሽ (የቅጂዎች ማከማቻ) 14 ሜጋባይት ያህል ራም (ፈጣኑ የሥራ ማህደር) ለማውጫው፣ ማለትም የትኛው ቅጂ የት እንዳለ ለሚያሳየው ዝርዝር፣ ያዙ ይላል። «500 ጊጋባይቱን ዲስክ በሙሉ ከተጠቀምንበት ማውጫው ብቻ 7 ጊጋባይት ይሆናል፤ ያለን ራም 4 ነው» አለች። አንዱ ወንድ ልጅ «ታዲያ ምን ይሆናል?» ሲላት የቤተ መጻሕፍታችንን የካርድ መሳቢያ አነሣች፦ ካርዱ መሳቢያውን ሞልቶ የተረፈው ከኋላ ክፍል ቢቀመጥ፣ አንድ መጽሐፍ ለመፈለግ መጀመሪያ ካርዱን ፍለጋ መሄድ ነው። ይህን እኔ በሁለት ክፍለ ጊዜ ላስረዳው አስቤ ነበር። ካሹን በ100 ጊጋባይት ወሰንነው፤ ለማውጫው 1.4 ጊጋባይት ይበቃዋል። ፕሮሰሰሩ ቀርፋፋ የሆነውን፣ ግን ሁለት ዲስክ የሚይዘውን ሳጥን አነሣን።

ስህተቱ የእኔ ነው። «ለጥንቃቄ» ብዬ ሁለቱን ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን አስደረግሁ። እያንዳንዱ ጽሕፈት ሁለት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው፤ ያውም ቢጠፋ ዳግም ከኢንተርኔት ለሚመጣ ቅጂ! ልጆቹ አፍርሰው 50፣ 50 ጊጋባይት ለየብቻ ሰጧቸው፤ ሥራውን ተካፈሉት። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ለሳጥኑ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለና ሦስት ሳምንት ቆምን። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ሰርቨሩ ሲነሣ ማውጫውን ለማደስ ዲስኩን ይፈትሻል፤ ያን ጊዜ «ክበቡ ኢንተርኔቱን አበላሸ» እንባላለን።

በመምህራን ማረፊያ «ቪዲዮ አላፈጠነልንም» የሚል ወቀሳም ሰምቻለሁ። ልክ ነው፣ አያፈጥንም። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ ስለሆነ ሰርቨራችን አሳልፎ ይሰጣል እንጂ ውስጡን አያይም፣ ቅጂም አያስቀርም። ትርፉ ያለው በላቡ የሊኑክስ ፓኬጆች (የሶፍትዌር ጥቅሎች) እና በአንዳንድ አፕዴቶች ላይ ነው። ሃያ ማሽን በአንድ ቀን ለሚያድስ ላብ ይህ ትንሽ አይደለም።

ለግዥ ኮሚቴው ያስገባነው ደብዳቤ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ተጨማሪ ራም፣ አንድ አነስተኛ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ)፣ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ)። አዲስ ፕሮሰሰር አልጠየቅንም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለጠፋ ሁለተኛውን ራሴ በእጄ ሰጥቻለሁ፤ ለመድረክ መጋረጃ የተገኘው በጀት ለዩፒኤስ ለምን እንደጠፋ ግን እስካሁን አልገባኝም። አሮጌ ዴስክቶፕ ልትጥሉ ያሰባችሁ ወላጆችም ካላችሁ አስቀድማችሁ ላቡን ጠይቁ። የላፕቶፕ ራም ብቻ አታምጡልን፤ አይገባም፣ ሞክረናል።