ዓይን አፋርነት ተብሎ የሚታለፈው ሕመም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰው እያየኝ መጉረስ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት እንኳ ልቤን እያስመታ፣ እጄን እያንቀጠቀጠ ለዓመታት ሲያስጨንቀኝ፣ ቤተሰቦቼ «ጨዋ ልጅ፣ ዓይን አፋር» እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር። ምስጋናቸው ከልብ ቢሆንም ሕመሜን ሸፍኖት ኖሯል። ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ የሚጀምረው ይህ የማኅበራዊ ጭንቀት ሕመም ሕክምና እንዳለው ያወቅሁት፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በሰው ፊት ላለማቅረብ ብዬ ዩኒቨርሲቲ ላቋርጥ ስል ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ማረጋጊያ ኪኒን ብቻ ሰጥቶ ሸኘኝ። መድኃኒትን አልቃወምም፤ ሰርትራሊንን የመሳሰሉት የጭንቀት መድኃኒቶች ብዙዎችን ይረዳሉ፤ ሆኖም ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ያለ ሐኪም ክትትል የሚጀመሩም የሚቋረጡም አይደሉም። እኔን የለወጠኝ ግን ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ነው። ባለሙያዋ የምፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ እስከ ከባዱ በቅደም ተከተል አስጻፈችኝና፣ የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብሎ ድምፅን ማሰማት ሆነ፤ ከዚያ በፊት ሌላ ሰው እስኪወርድ እየጠበቅሁ ከሰፈሬ አልፌ በእግሬ እመለስ ነበር። «ይስቁብኛል» ብዬ የገመትኩትን በትክክል ከሆነው ጋር በየሳምንቱ ስናነጻጽር፣ ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ቀለለኝ። ጽሑፌንም ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ቢሆንም አቀረብኩ።

ጸበል የሚጠመቅ ወገኔ ሕክምናውንም ጎን ለጎን መከታተል ይችላል። ጋዜጣችሁ በጤና ዓምዱ ስለዚህ ሕመም ባለሙያዎችን እንዲያነጋግር፣ ጤና ጣቢያዎችም ከኪኒኑ ባሻገር በንግግር ሕክምና የሠለጠነ ሰው እንዲመድቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ