ከክትባት ካርዱ እስከ ኬጂ በር ልጁ የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

አራት ኪሎ አካባቢ የኬጂ አስተማሪ ነኝ፣ ሰሞኑን ስለ ቀዳማዊ ልጅነት፣ ማለትም ልጁ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ስላለው ጊዜ፣ ሲወራ ስለምሰማ እኔም ክፍል ውስጥ የማየውን ልጻፍ ብዬ ነው።

አምና አንድ ልጅ መጣልን፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ ሲጠሩት አይዞርም፣ ተረት እየተነገረ ተነስቶ ይሄዳል። እናቱም "ሚስ፣ እልኸኛ ነው፣ አትፍረጂበት" ብላ ነው የሰጠችኝ። ከኋላው ቆሜ አጨበጨብኩ፣ ምንም። ፊት ለፊት ሳወራው ግን ዓይኑን ከአፌ ላይ አይነቅልም። ሆስፒታል ሲታይ ሁለቱም ጆሮዎቹ በደንብ አይሰሙም። እና እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ልጅ እኮ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ቀርቶ አይደለም፣ የስድስት ሳምንቱን፣ የአስሩን፣ የአስራ አራቱን፣ የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት ሁሉ ወስዷል፣ ካርዱ አለ። ከዛ በኋላ የሚውለው ሰፈር ውስጥ ልጅ የምትይዝ ሴትዮ ጋ ነው፣ ብዙ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ቲቪ ተከፍቶላቸው። ሴትየዋን አልወቅስም፣ እሷ ባትኖር እናትየው ጀበናዋን ይዛ ቡና ልትሸጥ አትወጣም ነበር። ግን በነዚያ ሁሉ ዓመታት ልጁን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየው ባለሙያ የለም።

ምንም አልተሰራም አልልም። በ2002 ዓ.ም ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር አብረው የቀዳማዊ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥተዋል፣ ከእርግዝና ጀምሮ አንደኛ ክፍል እስኪገባ ያለውን የሚሸፍን። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግስት ሠራተኞች አዋጅ 1064 የመንግስት መሥሪያ ቤቶች የህጻናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር። አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ከተማችንም ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጅ የሚመክሩ ሰዎች አሰማርታለች፣ መጫወቻ ቦታ እየሰራች ነው፣ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል፣ ይቀጥል። ነገር ግን ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ጤና ጣቢያ የሚያውቀውን ኬጂ አያውቅም፣ ኬጂ ያየውን ወረዳ አይሰማም። የወሊድ ፈቃድ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፣ እሱም ለተቀጠረች ሴት ነው፣ ቡና ለምትሸጠዋ እሱም የለም፣ የመሥሪያ ቤት ማቆያም አይመለከታትም። ከዛ እስከ ቅድመ አንደኛ ያለው ጊዜ በቃ ለእናትየው አቅምና ለጎረቤት የተተወ ነው፣ ያውም የልጅ አእምሮ በጣም የሚያድግበት ጊዜ!

የግል ኬጂዎችም (ሁሉንም አይደለም) ወላጅ እንግሊዝኛ ስለሚወድ በሦስት ዓመቱ እስክሪብቶ ያስይዙታል፣ ጨዋታው ቀረ።

እኔ የምለው ማቆያ፣ ኬጂና ጤና ጣቢያ በአንድ አሰራር ይያዙ፣ ለልጁም ከተወለደ ጀምሮ አንድ ፋይል ይኑረው፣ ሲከተብ እዛው ላይ፣ ማቆያ ሲገባ እዛው ላይ፣ እኔ ጋ ሲመጣም ፋይሉ አብሮት ይምጣ። ሰፈር ውስጥ ልጅ የሚይዙትን ሴቶች ደግሞ ከማሳደድ ይልቅ መዝግቦ፣ አሰልጥኖ፣ መጫወቻና ክትትል የሚደረግበት ቤት መስጠት ይሻላል፣ ምክንያቱም ልጆቹ ያሉት እነሱ ጋ ነው። ለመጀመር ግን ትልቅ በጀት መጠበቅ የለብንም፣ ለዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ልጁን ይዛ የመጣችን እናት ነርሷ "ስትጠሪው ይዞራል ወይ?" ብላ ትጠይቃት፣ መልሱን ካርዱ ላይ ትጻፈው፣ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ያን ቀን ሪፈር ይጻፍለት።

አንዲት የኬጂ መምህርት፣ ከአራት ኪሎ