ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ ነው የጠየቅሁት

ለክፍለ ከተማችን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንድሠራ የድጋፍ ደብዳቤ የጠየቅሁበት ማመልከቻዬ ቢሮዎ ገብቷል። ማኅተም ተመትቶበታል፣ ቁጥርም አለው። መልስ ግን የለውም። ስደውል «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ በአካል ስመጣ «ፊልድ ወጥተዋል» እባላለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ እጽፍልዎታለሁ።

38 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ጉልበቴ የተጎዳው ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። ሐኪም ለረጅም ሰዓት እንዳልቆም፣ ደረጃ እንዳላበዛ ጽፎልኛል። ወረቀቱ ከማመልከቻዬ ጋር ተያይዟል።

የጡረታ ስሌቱን ያውቁታል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። የእኔ 65 በመቶ ይመጣል። እሱም ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጤፍና ዘይት የት እንደደረሱም ያያሉ። እኔ ደግሞ የቤት ኪራይ አለብኝ። መሥራት አለብኝ፣ መሥራትም እችላለሁ።

ልመዘገብ ስመጣ የተቀበለችኝ ሠራተኛ «ማዘር፣ ይሄ ለወጣቶች ነው፤ ጡረተኛ ሥራ ፈላጊ ተብሎ አይመዘገብም» አለችኝ። በየትኛው መመሪያ? ብዬ ጠየቅሁ። ልታሳየኝ አልቻለችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለሥራ አጦችና ለችግረኞች ሥራ የሚፈጥር ፖሊሲ እንዲከተል ይላል። ዕድሜ አልጠቀሰም። ያው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳም ያዝዛል።

አጥብቄ ስከራከር አንድ ሥራ ተገኘልሽ ተባልኩ። በኤጀንሲ በኩል፣ አንድ ሕንፃ በር ላይ ፈታሽነት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቆሞ። ወንበር የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። አዋጁን አክብሩ ብላችሁ አሠሪዎችን መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። የሐኪሜን ወረቀት እያያችሁ አዋጁ ወደሚጣስበት ቦታ የላካችሁኝም እናንተው ናችሁ። ኪራይ ስላለብኝ ሄድኩ። ጉልበቴ አብጦ ታክሲ መሳፈር እስኪያቅተኝ ድረስ ቆምኩ። ስተወው መዝገቤ ላይ «ሥራ ተሰጥቷት አልፈልግም ብላለች» ተብሎ ተጻፈ። ይህ ውሸት ነው። ክቡር ኃላፊ፣ ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ሥራ እምቢ ብዬ አላውቅም።

ሥራ ጠፍቶ ቢሆን ዝም እል ነበር። ከቤቴ አጠገብ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አለው። ግን ተቆልፏል። መጻሕፍቱ አቧራ እየጠጡ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይንከራተታሉ። ርዕሰ መምህሩን ባናግራቸው የሚይዘው ሰው የለም አሉኝ። እኔ ልያዘው ስላቸው ደስ አላቸው። ከእናንተ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳመጣ ነገሩኝ። ማመልከቻዬ የሚጠይቀው ያንን ደብዳቤ ነው።

መጽሐፍ ማዋስና መመዝገብ ቁጭ ተብሎ ይሠራል። ሒሳብ የከበዳቸውን ልጆች አራት አምስት አድርጎ ማስጠናትም እንደዚሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክፍልፋይ ሳይገባው ከክፍል ወደ ክፍል ያለፈ ልጅ ከፍ ሲል ምን እንደሚገጥመው እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁም እዚህ ነው፣ እኔም እዚህ ነኝ። በመሐላችን ያለው እርስዎ ያልፈረሙት ደብዳቤ ነው።

እኔ ብቻም አይደለሁም። ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩ ባልደረባዬ አሁን ጋራዥ ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ክረምቱን ሙሉ ሲያስሉ ነው የከረሙት። እሳቸው ተማሪ ሲፈተን መቆጣጠር፣ ወረዳ ላይ መዝገብ ቤት መያዝ፣ ጤና ጣቢያ መረጃ መስጠት ይችላሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ለጡረተኛ መምህር የሚታያችሁ ሥራ በር መጠበቅ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

መዝገቤ ላይ የተጻፈው ይስተካከል። የድጋፍ ደብዳቤው ይሰጠኝ። አይሆንም የሚሉ ከሆነም ምክንያቱንና የመመሪያውን አንቀጽ ጠቅሰው፣ ፈርመውበት በጽሑፍ ይስጡኝ። ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት የምለው እሱን ይዤ ነው።

በጡረታ ላይ ያለሁ የሒሳብ መምህርት
አዲስ አበባ