ተምሬ እመለሳለሁ ስል ለምን አይታመንም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ብያለሁ። ሰሞኑን በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ የዛሬ ሰው ያጠራቀማትን ብር ለሽርሽር እየበተነ ነው፣ ቦታ ይግዛ፣ ቤት ይሥራ እያሉ ሲመክሩ አነበብኩ። ሰውየውን አላውቃቸውም፤ ግን የጻፉት ስለ እኔ መሰለኝ። በዚያው ሳምንት ስድስት ዓመት ያጠራቀምኩትን ብር አብዛኛውን አውጥቼ፣ ለአምስት ወር ስዋሂሊ ልማር ታንዛኒያ ውስጥ ወዳለችው ደሴት፣ ዛንዚባር፣ ለመሄድ ወስኜ ነበራ።

37 ዓመቴ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። አላገባሁም፣ ቤትም የለኝም። (ሁለቱንም የሚያስታውሰኝ ሰው ሞልቷል፣ እናንተ አትድከሙ።)

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ነገሩን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው "ጎበዝ! ከዚያስ ወዴት ነው?" አሉኝ። "ከዚያማ ወደ ቤቴ" ስላቸው ሳቁ። ምስጢር የደበቅኳቸው ነው የመሰላቸው። ከአገር የወጣ ሰው ወይ ሊሠራ ነው ወይ ሊቀር ነው፤ በገዛ ገንዘቡ ተምሮ ተመልሶ ይመጣል ብሎ የሚያስብ አላገኘሁም። አክስቴ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላት። "ለእንግሊዝኛ ቢሆን እሺ፣ ፈረንሳይኛም ይሁን። ስዋሂሊ ምን ይሠራልሻል?"

እናቴ ግን አልሳቀችም። ታንዛኒያ ስላት "ልጆቹ የሚታሰሩበት አገር አይደለም እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ የሆሳዕና ሰዎች ነን። በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያና ታንዛኒያን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ልግባ ሲል መንገድ ላይ ተይዞ ታንዛኒያ እስር ቤት የከረመ ልጅ ያላወቀ ቤት በእኛ ሰፈር ጥቂት ነው። የጎረቤታችን ልጅ አንዱ ነው። ከአንድ ዓመት ከምናምን በኋላ ሲመለስ ክስት ብሎ፣ ስዋሂሊ እየተናገረ መጣ። እስር ቤት ውስጥ ነው የለመደው።

የመጀመሪያዋን ቃል ያስተማረኝ እሱ ነው። ሊጠይቁት ከመጡ ሴቶች አንዷ ደፉ ላይ ጣቷን ስትመታ እኛ ሁላችን "እኔን!" ስንል፣ እሱ "ፖሌ" አለ። ምንድነው አልኩት። "እኔን ማለት ነው" አለኝ። ጥፋቱ የአንተ ባይሆንም፣ ሰው ሲወድቅ፣ ሲታመም፣ ሲደክመው፣ ሐዘን ሲደርስበት "ፖሌ" ይባላል። እንግሊዝኛ ስማር ስንት ዓመት "እኔን"ን የሚያህል ቃል ፈልጌ አጥቼ ነበር፤ እዚህ ጎረቤት አገር ተቀምጦ ኖሯል። እንግዲህ የኔ ነገር የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ዛንዚባር ያለች አስተማሪ አግኝቼ በሳምንት ሁለት ቀን በስልክ መማር ጀመርኩ። ሰዓት ያስተማረችኝን ቀን አልረሳውም። እየተጨነቀች "ይቅርታ፣ የእኛ አቆጣጠር ለውጭ ሰው ይከብዳል፤ ሰዓት የምንቆጥረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው፣ 'ሳ ሞጃ' ስንል አንድ ሰዓት ማለት ነው፣ ፈረንጆቹ ሰባት የሚሉት" አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን የኖርኩት በሳ ሞጃ ነው! ደቂቃን ዳኪካ፣ ወቅትን ዋካቲ፣ ሒሳብን ሄሳቡ፣ ነፍስን ናፍሲ ይሉታል። ዓረብኛ ለእነሱ ያበደራቸው ቃል ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ግሡ ደግሞ ባሰ። "ኒናኩፔንዳ" ማለት እወድሃለሁ ነው፤ ኒ እኔ፣ ና አሁን መሆኑን የሚያሳይ፣ ኩ አንተን፣ ፔንዳ መውደድ። እኛም እኮ እንደዚያው እኔንም አንተንም አንድ ቃል ውስጥ ጠቅጥቀን ነው "እወድሃለሁ" የምንለው። ይህን ያየ ሰው ቀላል ነው ብሎ ይታለላል። እኔም ተታልያለሁ። ስሞቹ በጎራ በጎራ የተከፈሉ ናቸው፣ ቅጽሉም ግሡም እየተከተለ ይለዋወጣል፣ እዚያ ላይ ነው ጉድ የሚፈላው። መጽሐፍ ኪታቡ ነው፣ ከዓረብኛ የመጣ። እነሱ ግን ፊት ያለችውን "ኪ" የራሳቸው የስም መነሻ ቅጥያ (ለአንድ ኪ፣ ለብዙ ቪ) አስመስለው፣ ሲበዛ "ቪታቡ" ይሉታል። ዓረብ ቢሰማ ይገረማል።

ታዲያ በስልክ መማሩ ለምን አልበቃሽም ትሉኝ ይሆናል። በሳምንት ሁለት ሰዓት አፍ አይፈታም። ኔትወርኩ ራሱ ግማሹን ይበላዋል። እሺ፣ አነባለሁ፤ ሰው ሲያወራ ግን ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ ጥሎኝ ይሄዳል። ሆቴላችን ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ የሚመጡ እንግዶች ያርፉበታል፤ ኅብረቱ በ2014 ዓ.ም. ስዋሂሊን የሥራ ቋንቋው አድርጓል። አንድ ቀን ሽማግሌ ታንዛኒያዊ ሒሳብ ሊዘጉ ሲመጡ "ሺካሞ" አልኳቸው። ለታላቅ ሰው የሚሰጥ ሰላምታ ነው፣ እግርዎን ይዣለሁ እንደማለት፤ የእኛን ጉልበት መሳም አስቡት። ሰውየው ቦርሳቸውን አስቀመጡና "ማራሃባ!" ብለው ወሬ ጀመሩ። እኔ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልገባኝም። ቆሜ ፈገግ አልኩ። ዛንዚባር ለመሄድ የቆረጥኩት በዚያ ምሽት ነው። ዛንዚባርን የመረጥኩትም ያለ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ሞምባሳ ላይ ስዋሂሊን አንድ ወጥ ለማድረግ ሲመከር መሠረት ሆኖ የተመረጠው የዛንዚባሩ ዘዬ ነው።

አሁን ወደ ብሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል ባንክ ውስጥ 410,000 ብር ነበረኝ። በዋዜማው ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ ገንዘቤ በወረቀት ላይ ሰባት ሺህ ዶላር ያህል ነበር (የጥቁር ገበያውን ተዉት)። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ የኔ ሰባት ሺህ አራት ሺህ ሆነ። አንድ ሳንቲም አላወጣሁም፤ ሒሳብ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥርም አልተነካም። ያን ጊዜ ሄጄ ቢሆን ብዬ ስንት ሌሊት ተገላብጫለሁ። ቤት ይሥራ ብለው የጻፉት ሰውም ቢሆኑ በዚህ ብር የትኛውን ቤት እንደምሠራ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አልፈራም አልልም። እናቴ ብትታመምስ? ይህን አስቤ ከብሩ ሩቡን በእህቴ ስም አስቀምጫለሁ፣ እኔ እንኳ ልነካው አልችልም። እቁቡንም አላቋረጥኩም፣ ዕጣዬ ገና ነው፣ እህቴ እየጣለችልኝ ትቆያለች። መሥሪያ ቤቴ ያለ ደመወዝ የፈቀደልኝ ሦስት ወር ብቻ ነው። ስለ ቀሪው ሁለት ወር "ስትመለሺ እንነጋገራለን" ተብያለሁ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚያ ማሲካ የሚሉት ከባድ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ጉዞዬ ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። የእኛን ክረምት በፀሐይ አሳልፋለሁ፣ ለዚህም ምቀኛ አላጣሁም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ለመከራከር ብቻ አይደለም። አንድ ያልወሰንኩት ነገር አለ። ትምህርት ቤቱ ያለው ስቶን ታውን፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። ቱሪስት የሞላበት ስለሆነ ሰው ቀድሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚያናግርህ ይሉኛል። ወጣ ብዬ ገጠር ቤተሰብ ጋ ልኑር ብል ደግሞ፣ ለምሳሌ ደቡብ ማኩንዱቺ አካባቢ፣ የራሳቸው ዘዬ አላቸው፤ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ያደበላልቅብኝ ይሆን? እዚያ የኖራችሁ ወይም ለንግድ የምትመላለሱ አንባቢዎች ካላችሁ በዚሁ ገጽ ላይ መልሱልኝ። እስከ ሰኔ መጀመሪያ የቤት ኪራይ ቀብድ አልከፍልም።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሳር ቤት፣ አዲስ አበባ