የጓሮና ተፈጥሮ ክበብ፦ ሣሩ ላይ የተፋው ማነው?

«ሣር ለሣር የሚውለው ክበብ» መባላችንን ሰምተናል። ይሁን። ዘንድሮ 24 አባላት ነበሩን፤ ረቡዕ ረቡዕ ተሰበሰብን፣ መደቦቹ ተቆፈሩ፣ ቃለ ጉባኤውም ፋይል ውስጥ አለ።

መስከረም ላይ ከኋላው አጥር ሥር ያለው ሣር ነጭ አረፋ ይዞ ተገኘ። «የእባብ ምራቅ ነው» ብለው የሸሹ ነበሩ። አረፋውን በእርጥብ የሥዕል ብሩሽ ቀስ ብለን ስንጠርገው ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ክንፍ ያላወጣች አረንጓዴ ነፍሳት ወጣች። ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ሣሩ ላይ በደረቷ ተኝታ አጉሊ መነጽሩን ለማንም አልለቅ አለች። ነፍሳቷ ጥቂት ተራምዳ አፏን አገዳው ውስጥ ሰካች። ከኋላዋ ፈሳሽ መውጣት ሲጀምር የሆዷን ጫፍ ወደ ላይ ታወጣለች፣ አየር ትይዛለች፣ መልሳ ትነክራለች፤ በነከረች ቁጥር አንድ አረፋ። «ቲቸር፣ ትፋት አይደለም፣ በቂጧ ነው የምትነፋው!» ሣቁ እስከ ቢሮ ተሰማ።

ነፍሳቷ የምትጠጣው ከዛይለም፣ ማለትም ውኃን ከሥር ወደ ላይ ከሚያደርሰው የተክሉ ቧንቧ ነው። ፈሳሹ ውኃ ማለት ይቻላል፤ ምግቡ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ትጠጣለች፣ ትርፉን ከሰውነቷ ከሚወጣ አጣባቂ ነገር ጋር አረፋ ታደርገዋለች። አረፋው እንዳትደርቅ ይጠብቃታል፣ ከጠላትም ይሸሽጋታል፣ የሚረጭ መድኃኒትንም ይከላከልላታል። ጥቂት ከሆነች ጉዳቷ አያሳስብም፤ በውኃ ማጠብ ይበቃል።

ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ግን ሌላ ነው። ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ከሚያጓጉዘው ቧንቧ፣ ከፍሎየም፣ ስለሚመጥ ትርፉ ቅጠሉን ያጣብቃል፣ ጉንዳን ይጠራል፣ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። ጥር ላይ ጎመናችንን ወረረው። በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠን፣ ፀሐይ ሳይበረታ የቅጠሉን ጀርባ ረጨን፤ በየ5 ቀኑ ደገምን። አንዱ ቡድን የዱቄት ሳሙና በእፍኝ ጨምሮ በቀትር ስለረጨ ሁለት መደብ ተቃጠለ። አልደበቅነውም፤ ቅጠሉ ደርቆ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

ለ24 ልጅ ያለን አጉሊ መነጽር አንድ ነው፤ እጀታውም በፕላስተር የታሰረ። ለኳስ በየዓመቱ ገንዘብ አይጠፋም። እኛ የምንጠይቀው 10 እጥፍ የሚያጎሉ 5 መነጽሮችና አንድ የውኃ ጎማ ነው። አሮጌ የውኃ ጎማ ያለው ወላጅ ዘበኞቹ ጋ ቢያስቀምጥልን እንወስዳለን፤ ቀዳዳውን እኛ እንደፍናለን።